«በአጭር ሕመም» ያረፈችው አክስት

በአሜሪካ አንዲት ሴት ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ልትነሣ ስትሄድ መጀመሪያ የምትሞላው ቅጽ አለ። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ የጡት ካንሰር ነበረባቸው ወይ? በስንት ዓመታቸው ታወቀ? የአባትሽ ወገንስ?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ትቸገራለች። አገር ቤት ደውላ ስትጠይቅ «በአጭር ሕመም ነው ያረፈችው» ትባላለች። ጠበቅ አድርጋ ስትጠይቅ «አሁን እሱን ምን አመጣው?» ይመጣል። ቆይቶ አንዷ ትልቅ ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጡቷ ላይ እብጠት ነበር» ይላሉ። ዕድሜዋስ? «ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው፤ የመጨረሻ ልጇ ገና አልተራመደም ነበር።» ለሐኪም ይህች መልስ ወርቅ ናት፤ ሴትየዋ በወጣትነቷ መታመሟን ትነግረዋለች።

እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የተያዘች ሴት የመያዝ ዕድሏ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ዘመዷ በወጣትነቷ ከታመመች ደግሞ ሥጋቱ ከፍ ይላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ያለው አገር አቀፍ ምክር ሴቶች ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊ እንዲነሡ ነው። የቅርብ ዘመዷ ለታመመች ሴት ግን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ዘመዷ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው ይጀምራሉ፤ እናት በ44 ከታመመች ልጅ በ34 ትመረመራለች። ቢአርሲኤ1 ወይም ቢአርሲኤ2 በተባሉት ጂኖች ላይ ጉዳት ያለባት ሴት በየዓመቱ ኤምአርአይም ይታዘዝላታል። ይህን ጉዳት አባትም ለልጁ ሊያወርስ ይችላል፤ የአባት ወገን የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉንም ሴቶች የሚያዳርስ የማሞግራፊ ምርመራ የለም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶችም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

የሕክምና መሣሪያ እጥረትን ማቃለል ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። ዝምታው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰብ የሚደብቀው «ዘራቸው ውስጥ አለ» ተብሎ የልጆች ትዳር እንዳይሰናከል፣ በስደት ያለውም እንዳይደነግጥ አስቦ ነው። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚደርሰው እንዲጠበቁ በታሰቡት ሴቶች ልጆች ላይ ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚወረስ አለመሆኑም በግልጽ ቢነገር ፍርሃቱን ያቀልለው ነበር።

ለሚቀጥለው በዓል እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ስትደውሉ ጠይቁ፤ ማን ታመመች፣ ምኗን፣ በግምት በስንት ዓመቷ፣ በእናት ወገን ናት ወይስ በአባት? የተነገራችሁን ጻፉና አገር ቤት ላለችው እህታችሁም ላኩላት። እሷንም ሐኪሟ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው።