ስለ ኪራይ መኪናና ስለ ራስ መኪና

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው የራሱን መኪና ቢይዝ ይሻለዋልን ወይስ ቢከራይ ይሻለዋል ብለህ የጠየቅኸኝ እንደ ሆነ ሒሳቡን ቶሎ እነግርሃለሁ። የኪራይ መኪና የቀን ዋጋ አለው፤ ነዳጁ በተከራዩ ነው፤ ከሾፌር ጋር ከሆነም የሰውየው አበል ይታሰባል። የራስ መኪና ግን ነጻ ይመስላል እንጂ ነጻ አይደለም። ጎማው ያልቃል፤ ዘይቱ ይቆሽሻል፤ የፍሬኑ ሸራ ይሳሳል። ይህ ዕዳ የሚመጣው ጉዞው ከተረሳ በኋላ ስለ ሆነ ማንም ከጉዞው ሒሳብ አይጽፈውም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው መከራየት ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ እኔ ግን ልነግርህ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው።

በ2005 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ስታገባ ለሠርጉ ተጠራሁ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ «መንገድ ላይ እንዳታስቀረኝ ፈርቼ ነው የተከራየሁት» አልሁ። እውነቱ ግን ያችን ቮልስ ከሠርግ ቤት ደጃፍ ለማቆም አፍሬ ነበር። ሾፌር እንድወስድ ቢመክሩኝም እንቢ አልሁ፤ መኪናዪቱ የራሴ እንድትመስል እፈልግ ነበርና። (ታርጋዋ አረንጓዴ፣ ኮድ 3 መሆኑን ሠርገኛው ሁሉ አይቶት ኖሯል፤ እኅቴ ኋላ ነገረችኝ።)

ውሉን ስፈርም የአከራዩ ጸሓፊ ወረቀት ይዞ መኪናዪቱን ዞራት። ትንሿን ጭረት እንኳ ሳይቀር መዘገበ፤ ክሪኩንና ተቀያሪ ጎማውን ቆጠረ። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያየ ግን አልነበረም፤ እኔም አላየሁም።

የዓባይን በረሃ የምታውቅ ከሆነ ቁልቁለቱን ልገልጽልህ አያሻኝም። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የደጋው ብርድ ይቀርና ወበቁ ፊትህን ይመታዋል። በቮልሴ በወረድሁ ቁጥር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አደርግ ነበር፤ ፍሬኑን ነካ አድርጌ እለቃለሁ እንጂ ተጭኜው አልወርድም። ሸራው ከመጠን በላይ የጋለ እንደ ሆነ መያዙን ይተዋልና። በኪራይዋ መኪና ግን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደ ጫንሁ ወረድሁ። ጠፍቶኝ አይደለም። የሚያልቀው ሸራ የእኔ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ጥቂት እንደ ሄድሁ የቃጠሎ ሽታ አፈነኝና ቆምሁ። አንድ የተሳቢ ሾፌር በመንገዱ ዳር ጎማዎቹን እየመታ ይፈትሽ ነበር።

«ወንድሜ፤ ፍሬንህ ይጨሳል። በማርሽ ውረድ እንጂ!» አለኝ።

«ኪራይ ናት» ብዬ ሣቅሁ።

እርሱ አልሣቀም። «የተቀመጥህባት አንተ አይደለህም ወይ?» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሠርጉ ማለፊያ ነበር። ስመለስ ከደጀን በኩል ያንኑ በረሃ ወረድሁ። በዚያ ገደል መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተሰነጣጥቆና ተጨማዶ ታገኘዋለህ። ከአንዱ ስንጥቅ ጎማዬ ገባና ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ቮልሴ ብትሆን ኖሮ በሠርግ ልብሴ ከሥሯ እገባ ነበር። ያን ዕለት ግን ራዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነዳሁ።

በማግሥቱ መኪናዪቱን አሳጥቤ መለስሁ። ጸሓፊው እንደ ቀድሞው ዞራትና «ምንም የለባትም» ብሎ መያዣ ገንዘቤን ቆጠረልኝ። እዚያው ግቢ አንድ ሰውዬ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሻንጣ ይዘው ቆመው ነበር። እኔ የመለስኋትን መኪና ይዘው ወደ ደሴ ሊሄዱ ነው። የደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ወደ ደብረ ሲና እንዴት እንደሚወርድ አውቃለሁ። ገንዘቤን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው እስኪገኝ ድረስ የቆየው ጊዜ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው። ሰውዬው ሲመጣ እኔ ወረድሁ፤ ረዳቱም ሰደበኝ።

መኪናዪቱ ከበሩ ልትወጣ ስትል ደረስሁና እጄን ዘርግቼ አስቆምኋት። መካኒክ ተጠርቶ ከሥሯ ገባ። ቀድሞም ሳስቶ የነበረው የፊት ፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ የሞተሩ ዘይት መያዣም ተሰንጥቆ ይንጠባጠባል። መያዣ ገንዘቤ ለጥገናው ሄደ፤ እርሱስ ይሁን። ያስቸገረኝ የልጆቹ አባት ነው። ቀኑ ተበላሽቶበታል፤ ሌላ መኪናም በዚያ ሰዓት አልነበረም።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ፤ በእርጋታ።

«ትናንት» አልሁት።

ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ልጆቹን አንድ በአንድ አወረደና ሻንጣውን መልሶ ማውረድ ጀመረ። ላግዘው እጄን ብዘረጋ ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳበው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተከራይቻለሁ፤ ቮልሷ እንደ እኔው አርጅታለችና። ስረከብም ስመልስም ጋዜጣ አነጥፍና ተንበርክኬ ከሥር አያለሁ። ጸሓፊው «ጋሼ፤ ሱሪዎ ይቆሽሻል» ይለኛል።