አፉ ያልተወጋ ዓሣ

የእስቴ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ስለ ዓሣ የሚያወራ ሰው ብዙ አይደለም፤ ጨዋታው ሁሉ ስለ ጤፍ፣ ስለ ድንችና ስለ በሬ ነው። የጋይንትና የስማዳ ልጆች ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርዱ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ይነግሩን ነበር። እኛ ደግሞ ጉማራ አለን። ጉማራ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ተነሥቶ ቁልቁል እየወረደ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው።

መንጠቆ መያዝ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ዘንጋችን ሸምበቆ፣ ክራችን ከገበያ የተገዛ ናይለን፣ ለዓሣው የምንሰጠው የመሬት ትል ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ግን ይህን ሁሉ አይፈልጉም። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ዓሣው ይደነዝዝና ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እኔ እስከ ማታ ተቀምጬ ሁለት ዓሣ ይዤ ስመለስ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «እኛስ ለምን ብርብራ አንጨምርም?» አልኋቸው አጎቴን።

«ልጄ፣ ዛሬ ሁሉን ከጨረስኸው ነገ ምን ልታጠምድ ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ የሰነፍ መልስ መሰለኝ።

በ2009 ዓ.ም. ለትምህርት ባሕር ዳር ገባሁ። ቀረሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን ለይቼ ያወቅሁት እዚያ ነው። በጣና 17 ዓይነት የነጭ ዓሣ ዝርያ እንዳለ፣ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ እንደማይገኙ ተማርሁ። ከእነርሱ በርከት ያሉት በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በልጅነቴ በብርብራ ተገልብጠው ያየኋቸውን አስታወስሁና የአጎቴ ንግግር ገባኝ።

በ2011 ዓ.ም. በኅብረታችን ያለን ስምንት ወጣቶች በአንድ ቅዳሜ የዓሣ ማጥመድ ውድድር እናድርግ ተባባልን። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በመንጠቆ ብቻ፣ የሦስት ዓሣ ክብደት ተደምሮ። ሽልማቱ ከውጭ አገር የመጣ ክር መጠቅለያ ያለው ዘንግ ነበር። ሚዛኑን የያዙት ኅብረቱን የሚያገለግሉ አንድ ታላቅ ወንድማችን ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

እኔ የወንዝ ልጅ ነኝና እንደማሸንፍ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን በባልዲዬ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቀረሶዎች ብቻ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው የክፍሌ ልጅ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንጠቆ የያዘው፣ ሦስት አጥምዶ ነበር። ላብ አጠመቀኝ። ቦታ ልቀይር ብዬ ዞር አልሁና መረቡን እየሰበሰበ ከነበረ አጥማጅ አንድ ትልቅ አምባዛ ገዛሁ። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ በባልዲዬ ውስጥ ሲንፈራገጥ አሁን የተያዘ ይመስላል።

አሸነፍሁ። ጋሼ አምባዛውን ሲመዝኑ ጣታቸውን በከንፈሩ ላይ አሳለፉ። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ አፉ የተወጋ ነው፤ የእኔው ግን ምንም ምልክት አልነበረበትም። ቀና ብለው አዩኝ። ምንም ሳይሉ ክብደቱን መዘገቡ። ወንድሞች አጨበጨቡ፤ የክፍሌ ልጅ መጥቶ አቀፈኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸለይ አቃተኝ ብል ማጋነን አይደለም። ዘንጉን አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ጸሎት ስጀምር ያ ጣት በከንፈሩ ላይ ሲያልፍ ይታየኛል። እነዚያን የብርብራ ልጆች ስንቅ ነበር የኖርሁት፤ እኔም ያለ ድካም ባልዲ ለመሙላት ቸኩዬ ያው እነርሱን ሆንሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ዘንጉን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድሁ። «አይቼ ነበር» አሉኝ። «አንተ ራስህ እስክትናገረው ነው የጠበቅሁ። አሁን ለእኔ ሳይሆን ለወንድምህ ንገረው።» ነገርሁት። ይቅር ብሎ ወዲያው የሚያቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ዘንጉን ተቀብሎ ዝም አለኝ፤ ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። ይቅርታ መጥቷል፤ ግን ጊዜ ወስዷል።

ይህ የእኔ ብቻ ፈተና አይደለም። በአሜሪካ የዛሬው ዓይነት የዓሣ ማጥመድ ውድድር የተስፋፋው፣ ሬይ ስኮት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሶ ግዛት በቢቨር ሐይቅ ካዘጋጀው ውድድር ወዲህ ነው። በኋላም ዓሣውን መዝኖ በሕይወት ወደ ውሃው መመለስን አስለመደ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በኢሪ ሐይቅ በተደረገ ውድድር ሁለት ሰዎች በዓሣ ሆድ ውስጥ እርሳስ ከትተው ተያዙ። ሽልማቱ ከ28 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ፤ ጀልባቸውንም ተወረሱ። ዜናውን ሳነብ አልሳቅሁም። የእነርሱ ሽልማት ከእኔው ቢበልጥም ማታለሉ አንድ ነው።

ዛሬ ዕረፍት ስወጣ እስቴ ላይ ጥቂት ልጆችን አስተምራለሁ። መጀመር ለምትፈልጉ የምነግራቸውን ልንገራችሁ። በሸምበቆ ጀምሩ፤ ውድ ዕቃ ዓሣ አያመጣም። ጠዋት በማለዳ ውጡ፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይረፍ። መንጠቆው ትንሽ፣ እርሳሱ ቀላል ይሁን። ዓሣ በሚራባበት በክረምት ወንዙን ተዉት። ስትወዳደሩ ሕጉን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ትንንሾቹን እጃችሁን አርጥባችሁ ይዛችሁ ወደ ውሃው መልሱ።

ከሁሉ በላይ ባዶ ባልዲ ይዞ መመለስን ተማሩ። ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ መረብ ይዞ እንደ ነጋበት እናውቃለን። ጌታ የገባው ወደዚያው ባዶ ታንኳ ነበር። እኔ በዚያ ቅዳሜ ሁለት ቀረሶዬን ብቻ ይዤ ብቀርብ ኖሮ ምን አጣ ነበር? አንድ ዘንግ ብቻ።

አሁን በልጆቹ ውድድር ሚዛኑን የምይዘው እኔ ነኝ። የእያንዳንዱን ዓሣ ከንፈር በጣቴ እዳስሳለሁ። ልጆቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።