ደመወዝ ሲቆም ውሻው ወዴት ይሂድ?

«ለራስሽ የምትበዪው ሳይኖርሽ ውሻ ትቀልቢያለሽ?»

ሥራ ፈትቶ ደጁ ላይ ውሻ ያሰረ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። አንዳንዱ ለምክር፣ አንዳንዱ ለትዝብት፣ አንዳንዱም ከልቡ አዝኖ ይጠይቃል። እኔም ሥራ ከቆመብኝ ወዲህ ከዘመድም ከጎረቤትም ስሰማት ከርሜያለሁ። ጠያቂዎቹን አልቀየምም። በዚህ ከተማ ረሃብን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥያቄዋ የቁም ነገር ናት፣ የቁም ነገር መልስም ይገባታል። የኔ መልስ አዎ ነው፤ እቀልባለሁ። ለምንና እንዴት እንደምቀልብ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰሞኑን በእንዳ ኢየሱስ መንገድ የማየው ነገር ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

እንዳ ኢየሱስን ለማታውቁ፦ መቐለን ከምሥራቅ በኩል ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም እዚያው ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መሽጎበት፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ተይዞበት በጥም የለቀቀው ምሽግም ይኸው ነው። ዛሬ ግቢው በተማሪ ሲሞላ ዙሪያው ምግብ ቤትና ጀበና ቡና ይሆናል። ምግብ ቤት ባለበት ትራፊ አለ፣ ትራፊ ባለበት ውሻ አይጠፋም። ውሻውን መጣል ያሰበ ሰውም ይህን ያውቃል። «እዚያ ምግብ አያጣም» ብሎ ራሱን ያሳምንና ሲመሽ በባጃጅ አምጥቶ ለቆት ይሄዳል።

የተጣለ ውሻ ያስታውቃል። አንገቱ ዙሪያ ሰንሰለት የበላው ጸጉር ገና አልበቀለም። መንገድ ላይ ተወልደው ያደጉት ውሾች መኪና ሲመጣ ጥግ ይይዛሉ፤ እሱ ግን የባጃጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ መንገዱ ይሮጣል። ባጃጁ ከቆመ አንገቱን አስግጎ ውስጡን ያያል፣ የሚፈልገውን ሰው ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትራፊ አይሻማም፤ መሻማት አያውቅበትም። ከዚያ ይቆስላል፣ ይከሳል፤ አንድ ቀን መኪና ይገጨዋል፣ ወይም ከመንጋው ጋር ይቀላቀልና ሰው የሚፈራው ውሻ ይሆናል።

ለምን በዛ ካላችሁ፣ ሥራ ስለጠፋ ነው። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የዚህ ከተማ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ብዙዎቹ እንደቀድሟቸው አልተመለሱም። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ለተማረው ወጣት እንጀራ ከሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ የእርዳታ ሥራ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ የሚያግደው ትእዛዝ ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ። በአገራችን ጤና ሚኒስቴር ብቻ በእርዳታው ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በየክልሉ ፕሮጀክት ተዘጋ፣ ሰኔ 24 ላይ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ራሱ ሥራውን አቆመ። ደመወዝ ሲቀር መጀመሪያ የሚናጋው የቤት ኪራይ ነው። ግቢ ያለው ቤት የተከራየ ሰው ወደ አንዲት ክፍል ይወርዳል፣ አዲሱ አከራይ ደግሞ «ውሻ አልቀበልም» ይላል። እንግዲህ ሁሉም የጨከነ ሰው አይደለም። አልቅሶ የጣለ አለ፤ እኔ የማውቃቸው አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ።

ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ የኖርንበት ጊዜ አለ። ሐኪሙም መምህሩም ያለ ደመወዝ ነበር የሚሠራው። ያኔ ስለ ውሻ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። ከእኛ በላይ ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኣደይ የሚላቸው፣ ዱቄት ሲነፉ ከወንፊቱ የቀረውን እፍኝ ገለባ አይደፉትም ነበር። በዘይት ቆርቆሮ ውኃ ያፈላሉ፣ ገለባውን ይበትኑበታል፣ አጥንት ከተገኘ አጥንቱን፣ ካልተገኘ የጎመን ግንድ ይጨምሩበታል። ሲበርድ በእጃቸው ይነኩና፣ እንዳይፋጅ አረጋግጠው ለውሻቸው ያቀርቡለታል። አንድ ቀን ልጃቸው ያችን ጥያቄ ጠየቃቸው። «እሱም እኮ ደመወዙ ቀርቶበት ነው የሚጠብቀን» አሉት።

ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በዚያ ክረምት ግን ሳይበላም ሲጮኽ ያደረባቸው ግቢዎች ነበሩ። በጨለማ ከተማ፣ ስልክ ደውሎ ጎረቤት መጥራት በማይቻልበት ሌሊት፣ ሴቶችና ልጆች ብቻቸውን ያደሩበትን ቤት የጠበቀው ማን ነበር? ችግር ሲመጣ ከቤተሰቡ ቁጥር ቀድሞ የሚቀነሰው እሱ መሆኑ ለኔ ፍትሕ አይመስለኝም። ለሃይማኖት ሲሉ ውሻን ለሚያርቁም አንድ ነገር ላስታውስ። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋር ለረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ወጥቷል።

ሌላም አለ፤ ይህ የራሴ ነው። የምሠራበት ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ደመወዙ ከመቅረቱ ይልቅ የጎዳኝ ጠዋት የሚያስነሳኝ ማጣቴ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ይርቃል፤ «ሥራ አገኘሽ?» መባልን ሽሽት ቡናም ይቀርበታል። አንበሳ (የውሻዬ ስም ነው) ግን ንጋት ላይ በሩን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ተነሥቼ እከፍትለታለሁ። ከከፈትኩ ዘንድ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ከታጠብኩ ዘንድ እወጣለሁ። ከቤት በወጣሁባቸው ማለዳዎች ነው የሰፈሬን ሰዎች እንደገና ያገኘሁት፤ አሁን የማገኘውን ትርፍራፊ ሥራም ከእነሱ ነው የሰማሁት። ይህን የምለው ውሻ ሥራ ያስገኛል ለማለት አይደለም፤ ሰው ራሱን ጥሎ እንዳይተኛ የሚያደርግ ነገር በቤቱ ሲኖር ዋጋው በብር አይታይም ለማለት ነው።

ልጅ እየተራበ ውሻ ይብላ አላልኩም። ሰው ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ግን ውሻው የሚበላው ከልጁ ሳህን አይደለም፤ ለመቀለብም ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ሥጋ ቤት የሚያውቀው ደንበኛ አጥንትና ቅንጥብጣቢ ቢጠይቅ አይከለከልም። ፉርሽካ ከወፍጮ ቤት ይገኛል፣ የደረቀ እንጀራ በየቤቱ አለ። እነዚህን አንድ ላይ ቀቅሎ መስጠት ይቻላል። የወጥ ትራፊ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወጣችን ከሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በየቀኑ ቀይ ወጥ የተቀባ እንጀራ የሚበላ ውሻ ደሙ እያነሰ ሲደክም «ሰነፍ ሆነ» እንላለን። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አትስጡ፤ እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይበሳል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ሳንባና ጉበት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ሁላችንም ወደሱ እንሄዳለን። በከብትና በበግ ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከእዳሪው ጋር ይወጣል፣ በአፈርና በውሻው ጸጉር በኩል ወደ ልጆች እጅና አፍ ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ አድጎ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ይሆናል። መፍትሔው ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ መቅበር፣ የቀረውንም በደንብ መቀቀል ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ይዘጋል፤ የከተማው ውሻ ሁሉ የሚከሳው ያኔ ነው። ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ክክ ወይም ምስር ከፉርሽካ ጋር ውሻን ያሻግረዋል። ድመትን ግን አያሻግራትም። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእህል አታገኝም፣ ሲጎድላት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ወተት ብቻ ማስላስም ለብዙዎቹ ተቅማጥ ነው የሚሆነው። በጾም ወራት ድመቷን ወደ ግቢ ከመውጣት አትከልክሏት፤ አይጧን ታድን፣ ከተገኘም እንቁላል ጣሉላት።

ከምግቡ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ኪስ ሲነጥፍ መጀመሪያ የምንተወውም እሱን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99ኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከተነከሰው ሰው ይልቅ ውሻውን መከተብ በብዙ ይረክሳል፤ በአንድ ከተማ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ይህንን ነው፤ ውሻ መግደል በሽታውን እንደማይገታም ይናገራል። በከተሞቻችን ግን ባለቤት ላጣ ውሻ መፍትሔ ሆኖ የኖረው መርዝ ነው። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል፤ በገደለው ምትክ ያልተከተበ ቡችላ ይመጣል። እግረ መንገዴን ለወላጆች፦ ልጃችሁን ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጸበልም ሆነ ሌላ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቡችላ ካልኩ አይቀር፣ ሴቶቹን ማን ያስታውሳል? ወንድ ቡችላ ፈላጊ አለው፤ ሴቷ «ትወልድብኛለች» ትባልና ዓይኗ ሳይገለጥ በማዳበሪያ ከረጢት ትጣላለች። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር እንዲህ ያለ ከረጢት ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ተማሪዎች ፈተው አወጧቸው፣ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ውሻ በሁለት ወር እርግዝና፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ገንዘብ የሌለው ሰው ሊያወጣ የሚገባው ትልቁ ወጪ ካለ እሷን ማስመከን ነው። ካልቻለ ደግሞ በፍላጎቷ ሰሞን በር ዘግቶ ያቆያት።

ችግር ሲመጣ እንስሳን የመጣል ጉዳይ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 እንግሊዝ ጦርነት ባወጀች ሳምንት ለንደን ውስጥ ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጉ ውሾችና ድመቶች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ተገደሉ። ገና አንድ ቦምብ አልወደቀም ነበር፤ ሰዉ የገደላቸው ሊመጣ የሚችለውን ቦምብና ረሃብ ፈርቶ ነው። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን ቤት ለቤት ምግብ የሚያደርሱ ሰዎች፣ አረጋውያኑ የተሰጣቸውን ሳህን ከድመታቸው ጋር እንደሚካፈሉ አዩ። አልገሠጿቸውም፤ ከሰው ምግቡ ጋር የእንስሳ ምግብም ማድረስ ጀመሩ። ለእኛ የሚበጀን ይህ ሁለተኛው ነው። ዕድርና ማኅበር ያለው፣ ቡና ጠርቶ የሚጠጣ ሰፈር ይህን ለማድረግ ሀብታም መሆን አያስፈልገውም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልናገር። ሥራ የፈታ ጎረቤታችሁ ውሻ ካለው «ምን ይሠራልሃል» አትበሉት፤ የወንፊታችሁን ገለባ ስጡት። ሥጋ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ የምትጥሉትን አጥንት ለጠየቃችሁ ሰው አታሳፍሩት። የቤት አከራዮች፣ የተከተበና የሚታሰር ውሻ ለግቢያችሁም ዘበኛ ነው። ቃላሚኖ ግቢ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ወጣት ሐኪሞቹና ከተማ አስተዳደሩ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በሚከበርበት መስከረም 18፣ በየቀበሌው ወጥተው ለችግረኛ ሰው ውሻ በነጻ ቢከትቡ ከመርዝ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋሉ።

ውሻችሁን ከእንግዲህ ማኖር ፈጽሞ ያልቻላችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ እንዳ ኢየሱስ አምጥታችሁ አትልቀቁት። ገጠር ያለ ዘመድ፣ ዘበኛ የሚፈልግ መጋዘን፣ ግቢ ያለው ወዳጅ ጠይቁ። ተሸማቅቃችሁ ዝም ከማለት ለጎረቤት ንገሩ፤ እኔም እንድፈልግላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የክትባት ወረቀቱን ለሚወስደው ሰው አብራችሁ ስጡ፣ የሚጠራበትን ስምም ንገሩት።