አሻንጉሊት ባቡር የሚጠግኑት ጡረተኞች እና የአያት ባቡር

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አያት ባቡር ጣቢያ የሚደርስ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ነው የሚቆመው፦ ትኬትና ጥርጣሬ። ባቡሩ ቶሎ ከመጣ ሲኤምሲንና ጉርድ ሾላን አልፎ መገናኛ ይወርዳል። ከዘገየ ትኬቱን ኪሱ ከትቶ የታክሲ ሰልፍ ይጀምራል። ባቡሩ ደግሞ ሲመጣም ሰው እስከ በሩ ጢም ብሎ ነው።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ፣ በመስከረም የቃሊቲው መስመር፣ በጥቅምት ደግሞ የአያቱ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ሪባኑ ሲቆረጥ ሁሉም ተገኝቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ ግን የተሰበሰበ ሰው አልነበረም። ጥገና ሪባን የለውም።

ጥገናን እንደ በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ግን አሉ። አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ቺሎኩዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ትሬን ማውንቴን የሚባል ቦታ አለ። ጥድ ደን ውስጥ የተዘረጋው ሐዲድ ስፋቱ 19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው ባቡሩ ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ይቀመጣል። የሐዲዱ ርዝመት ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው (የአዲስ አበባው ድርብ ሐዲድ መሆኑ ሳይረሳ)።

ይህን የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ተንበርክከው የላላ ቡሎን ያጠብቃሉ፣ የሰመጠውን ሐዲድ ቀና አድርገው ከስሩ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፣ ውሃ ልክ እያስቀመጡ ያያሉ። በዚህ ጠባብ ሐዲድ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ባቡሩ ይወድቃል፣ ላዩ ላይ ያለው ልጅም አብሮ። ጨዋታ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ጨዋታ አይደለም።

ይህ ሲባል የአያት ተሳፋሪ መፍቻ ይዞ ሐዲድ ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። ከላዩ 750 ቮልት አለ። መለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ያንን በጎ ፈቃድ አያመጣውም። ችግሩ ሌላም ነው፦ ከመገናኛ እስከ አያት በሐዲዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ መስመሩን የሚያውቀው እንደ አጥር ነው። አጥሩን ይዘለዋል ወይ ዞሮ ለመሻገር ይደክማል። ሐዲዱ የራሱ መሆኑን የሚያስታውስ አንድም አጋጣሚ የለውም። የራሱ ያልሆነ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ሰው አይጮህም፣ ታክሲ ይይዛል።

በፊት እንዲህ አልነበረም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ምድር ባቡር አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ከተማ ወልዷል። የድሬዳዋ ልጅ የባቡር ሠራተኛ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ነበረው። ኩባንያው ሲዳከም እንኳ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች አሮጌውን ብረት በእጃቸው እየጠገኑ ቆይተዋል። ደመወዝ ብቻውን እንዲህ አያሠራም።

አዲስ አበባ በየክረምቱ በጎ ፈቃደኛ አሰልፋ የአቅመ ደካሞችን ቤት ታድሳለች፣ ችግኝ ትተክላለች። ስለዚህ ሰው አልጠፋም። ከአያት እስከ መገናኛ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ግቢ 100 ሜትር ትንሽ ሐዲድ ቢዘረጋ፣ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ጠጠር ቢጠቀጥቁበት ምን ይከብዳል? ብረት በያጅ መርካቶም አለ። አስተማሪ የሚሆኑ የምድር ባቡር ጡረተኞች ድሬዳዋና ለገሃር አካባቢ አሁንም አሉ፤ እድሜያቸው ግን እየገፋ ነው።