ማኅተም በእጁ የነበረው ሻለቃ

«ታዝዤ ነው።» በየዘመኑና በየአገሩ፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ለጥያቄ የሚቀርብ መካከለኛ ሹም የሚመዝዛት ቃል ይህች ናት። ትእዛዙን ያወጣው ከበላዬ ያለው ነው፤ ቃታ የሳበው ከበታቼ ያለው ነው፤ እኔ መሐል ነበርኩ ይላል። ይህን ምክንያት በሰማሁ ቁጥር ሻለቃ ካርል ፕላገ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን ትዝ ይለኛል።

ፕላገ በ1897 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ተማረከ፤ ኋላም መሐንዲስ ሆነ። በ1931 በፈቃዱ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ይህን ልንሸሽገው አይገባም። የፓርቲውን የዘር ትምህርት ግን አልተቀበለም፤ በዚህም ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጨ።

ጀርመን በ1941 ሊትዌኒያን ስትይዝ ፕላገ በቪልኒየስ ከተማ የጦር ተሽከርካሪ ጥገና ክፍል አዛዥ ነበር። በዚያን ወራት አይሁድ በፖናሪ ጫካ በሺህ እየተነዱ ይረሸኑ ነበር። ጭፍጨፋውን የማስቆም ሥልጣን አልነበረውም። የነበረው ጋራዥና የሥራ ፈቃድ የመስጠት መብት ነበር። በዚያው ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩንም፣ ጫማ ሠሪውንም፣ ልብስ ሰፊውንም በመካኒክነት አሠራቸው። በመስከረም 1943 የከተማዋ ጌቶ ሊጠፋ ሲል ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን በሱቦች ጎዳና ወዳቋቋመው ካምፕ አዛወረ። ሚስትና ልጆች ከተለዩ ወንዶቹ በወጉ አይሠሩም ብሎም ተከራክሮ ቤተሰቦቻቸውን አብሮ አስገባ።

ታሪኩ ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1944፣ ፕላገ ለዕረፍት አገሩ ሳለ፣ የኤስ ኤስ ወታደሮች ካምፑን ከበው ሕፃናቱን ወስደው ፈጁ። በሐምሌ 1 ቀን፣ የሶቪየት ጦር ሲቃረብ፣ ፕላገ እስረኞቹን ሰብስቦ የኤስ ኤስ መኮንን በቆመበት ከእንግዲህ በኤስ ኤስ እጅ እንደሚሆኑ ነገራቸው። ሰም ለበስ ማስጠንቀቂያ ነበረችና ወርቁን የተረዱት ተሸሸጉ። ብዙዎቹ ተይዘው ተገደሉ፤ 250 ያህሉ ተረፉ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ለፍርድ ሲቀርብ የተረፉት መሰከሩለት። ነፃ ሊባል ሲችል፣ እርሱ ራሱ «ተከታይ» ተብሎ እንዲመዘገብ ጠየቀ። በ1957 አረፈ። ያድ ቫሼም «ከአሕዛብ ወገን ጻድቅ» ብሎ በይፋ ያከበረው በ2005 ነው፤ ያውም ጥያቄው ቀደም ሲል ተቀባይነት ካጣ በኋላ።

ጻድቅ ላደርገው አልሻም። ጋራዡ የሚጠግናቸው መኪናዎች ያንኑ የወረራ ጦር የሚያመላልሱ ነበሩ። ባለበት ቦታ ንጹሕ መሆን አይቻልም ነበር። «ተከታይ» የሚለውን ስም መምረጡ ይህን ከማንም በላይ ማወቁን ያሳየኛል።

ነገር ግን እርሱም ታዛዥ ወታደር ነበር። ከበላዩ አዛዥ፣ ከጎኑ ሰላይ ነበረበት። ልዩነቱ በሥልጣኑ ዳር ያለችውን ጠባብ ክፍተት ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ፈቃድ የሚፈርም፣ ስም ዝርዝር የሚያዘጋጅ፣ ማኅተም የሚመታ ሁሉ ከዚያች ክፍተት ጥቂት አያጣም። እናም «ታዝዤ ነው» የሚለውን ሹም፣ የታዘዘውን ሳይሆን ያልታዘዘውን ምን እንዳደረገ እንጠይቀው።