ቤታችን መሥሪያ ቤት ሲሆን

አንድ ማለዳ ከአያት ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄድኩ። የሰው ጎርፍ ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ! ሰርቪሶች ወጣት ልብስ ሰፊዎችን ያራግፋሉ። አንዷን «ቤት ሆኖ መሥራት አያምርሽም?» ብላት ከት ብላ ሳቀች። «እኔ እጅጌ እሰፋለሁ፣ ከኔ ቀጥላ ያለችው ኮሌታ። አንዳችን ከቀረን ሥራው ይቆማል» አለችኝ።

ወደ ሰሚት ዞርኩ። ጓደኛዬ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሶፍትዌር ይሠራል፤ ያውም በቢጃማ! አሜሪካ ሲነጋ እዚህ ይመሻል፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ያድራል። የታክሲ ሰልፍ የለ፣ አለቃ የለ... ቀናሁበት። «አትቅና» አለኝ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ሥራው ከእጁ ወጣ። የጽሑፍ ውል? አልነበረውም!

ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከባንክ ሠራተኛዋ እህቴ ጋር ማኪያቶ ጠጣን። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተባለ። የእሷ ዋና መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም ግማሹን ሳምንት ቤት ሆኑ። እሷ ግን ማስክ አጥልቃ መስኮት ላይ ነበረች። ጥሬ ገንዘብ ከቤት አይቆጠርማ!

እንግዲህ ልጆች፣ ሥራው ራሱ ነው ቦታውን የሚመርጠው። ከቤት የምትሠሩ ግን ልብ በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ሆኖ የሚሠራበትን ውል ያውቃል። አሠሪያችሁ እዚሁ ከሆነ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ። «ደመወዙ ስንት ነው?» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ «መብራት ሲጠፋስ ኪሳራው የማን ነው?» በሉ።