የካዛንቺስ መሥራቾች እነማን ናቸው?

የአንድ ሰፈር መሥራች ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ቤቱን ያሠራውን ይጠራል። የካዛንቺስ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ መኖሪያ በዚህ ስፍራ ቤቶች አሠራ። የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያሠራው የኢጣልያ ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበረ፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ይኸውም የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። ሕዝቡም በራሱ አንደበት ካዛንቺስ አላቸው። ወራሪው ሲባረር ስሙና ግንቡ ቀረ፤ ግንብ ብቻውን ግን ሰፈር አይሆንም።

ሰፈር ያደረጉት ከዚያ በኋላ የገቡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ከየአውራጃው መጥተው በግንቡ ቤትና በዙሪያው በተሠራው የጭቃ ቤት ተጠጋግተው ኖሩ፤ ዕድር አቋቁመው ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት በመዋጮ ገዙ፤ በየወሩ በ15 የቅዱስ ቂርቆስን፣ በ22 የቅዱስ ዑራኤልን ጽዋ አብረው ጠጡ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያችን ሲመረቅ፣ የአህጉሩ እንግዶች ጎረቤቶች ሆንን። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ብዙዎቻችን የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሆንን። የቤቱ ባለቤት ተለወጠ፤ ሬሳ የሚያነሣው ጎረቤት ግን ያው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከሰፈሩ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ተዛወረ። ግማሽ ምዕት ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ተለያዩ። አዲሱ ቤት ውኃና መብራት ቢኖረው እንኳ፣ ባልቴቲቱ በሌሊት ብትታመም የማንን በር ታንኳኳለች? ጭንቀታችን ይህ ነው።

ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ቂርቆስ ራሱ የስደተኛ ልጅ ነበረ። እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ቤቷንና አገሯን ትታ ስትሰደድ፣ ሕፃኗንና ሃይማኖቷን ይዛ ሄደች። እኛም ግንቡን ልንሸከመው አንችልም፤ ዕድሩንና ማኅበሩን ግን ይዘን መሄድ እንችላለን።

ስለዚህ፣ ወገኖቻችን ሆይ፣ የዕድሩ መዝገብ አይዘጋ። መንገዱ ቢርቅም የጽዋው ቀን አይታጠፍ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ባልቴቲቱን በተራ እየሄድን እንጠይቃት፤ ከአዲሶቹ ጎረቤቶቿም ጋር እናስተዋውቃት። ሰፈርን የሚመሠርቱት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸውና፣ ዛሬ የመሥራችነቱ ተራ የእኛ ነው።